ከመኪና ሥር ተጣብቆ አልወርድ ስለሚል ስኮርታ ጎማ የተጻፈ ትምህርት

ስለ መኪና የሚሰጥ ትምህርት ለከተማ ሰው ብቻ የሚጠቅም የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ በገጠር ትምህርት ቤት ደጃፍ የቆመው መኪና ምን ይዞ እንደ መጣ ይመልከት። የፈተናው ወረቀት፥ የተማሪው መጽሐፍ፥ በበረዶ ሣጥን የታሸገው የክትባት መድኃኒት፥ የምርጥ ዘሩ ከረጢት፥ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሁሉ የሚመጣው ፒካፕ በሚባለው፥ ኋላው ክፍት በሆነው መኪና ነው። ይህ መኪና በመንገድ ላይ ጎማው ቢፈነዳ የሾፌሩ መተማመኛ ከመኪናው ሥር የተንጠለጠለው አምስተኛው ጎማ ብቻ ነው። አምስተኛው ጎማ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነካ ስለሚኖር፥ በተፈለገበት ቀን አልወርድም ይላል። መዘውሪያው አልዞር ይላል፤ ወይም መዘውሪያው እየዞረ ጎማው ከተጣበቀበት ንቅንቅ አይልም። በዚህ መካከል ፀሐይ ትጠልቃለች፤ በሣጥኑ ያለው በረዶ ይቀልጣል፤ ነገ በማለዳ ይጀመራል የተባለው ፈተና ወረቀቱ በዱር ያድራል።

በዚያን ጊዜ በአቅራቢያው ያለው ባላገር ሊረዳ እንደሚሰበሰብ የታወቀ ነው። ይህም መልካም ልማዳችን ነው። ነገር ግን ስልቱን ሳያውቁ ከመኪና ሥር መግባት ሰውን ያጎድላል። የአንድ ፒካፕ ጎማ ከነቸርኬው፥ እንደ መጠኑ ልክ፥ ከ25 እስከ 35 ኪሎ ይመዝናል። ይህን የሚያህል ክብደት ከላይ ተለቆ በሰው ፊት ወይም ደረት ላይ ሲወድቅ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማወቅ ሐኪም መጠየቅ አያስፈልግም። ስለዚህ መምህሩ ለተማሪዎቹ፥ ሽማግሌውም ለመንደሩ ጎልማሶች ሊያስረዱት እንዲችሉ የዚህን ነገር አሠራርና ጠባይ ከሥሩ ጀምረን እንጽፋለን።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ቃል እንናገር። ስኮርታ የምንለው ቃል የኢጣልያ ቋንቋ ነው። በዚያ ቋንቋ አጃቢ ማለትም ይሆናል፥ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ስንቅ ማለትም ይሆናል፤ ለዚህ ጎማ ሁለቱም ትርጓሜ ይስማማዋል። ጎማ፥ ክሪክ፥ ፍሬን፥ ቡሎን፥ ካቻቢቴ የሚባሉትም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። መኪና ሲፈጠር ግን ስኮርታ የሚባል ነገር አልነበረውም። የጥንቱ ሾፌር ጎማው በተበሳ ጊዜ ከመንገድ ዳር ተቀምጦ ከቸርኬው ፈልቅቆ፥ ለጥፎ፥ ነፍቶ ይሄድ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1904 ዓመት በዌልስ አገር በላኔሊ ከተማ ቶማስ ሞሪስ ዴቪስ የሚባል ሰው ስቴፕኒ የተባለውን መለዋወጫ ጎማ ሠራ። በሕንድ አገር እስከ ዛሬ ድረስ ስኮርታውን ስቴፕኒ ብለው ይጠሩታል። ለዐፄ ምኒልክ የመጣው የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነውና፥ የስኮርታ ነገር በዓለምም የተጀመረው መኪና ወደ አገራችን ሊገባ ጥቂት ዓመት ሲቀረው ነው ማለት ነው።

በመጀመሪያ ጊዜ ስኮርታውን ከመኪናው ጎን ወይም ከኋላው ያስሩት ነበር። ዛሬም በኋላ በሩ ላይ የሚሸከሙ መኪኖች አሉ። በፒካፕ ግን የኋላው ወለል ለጭነት ስለ ተፈለገ ጎማው ወደ ሥር ወረደ። ቦታ ተገኘ፤ ነገር ግን ጎማው ለጭቃ፥ ለውሃና ለአቧራ ተሰጠ። በእኔ አስተያየት ለገጠር መንገድ የተሠራ መኪና ስኮርታውን ከሥሩ መሸከሙ የሚመሰገን አይደለም፤ ሆኖም መኪናው እንዲህ ተሠርቶ መጥቷልና ጠባዩን ማወቅ ይሻላል።

የመስቀያው አሠራር ይህ ነው። ከጭነቱ ወለል በታች፥ የሻንሲውን ግራና ቀኝ በሚያገናኘው አግዳሚ ብረት ላይ፥ ከሰው ጭብጥ ጥቂት የሚበልጥ የብረት ቤት በቡሎን ታስሯል። በውስጡ እርስ በርሳቸው የሚነካከሱ ጥርሳም ብረቶች አሉ። በእነዚህ ብረቶች ኃይል ሰንሰለት፥ ወይም ከቀጫጭን ሽቦ የተገመደ ካቦ፥ ይጠቀለላል፤ ይተረተራልም። በአገራችን በብዛት በሚታየው በሂሉክስ ላይ ያለው ሰንሰለት ነው፤ በብዙዎቹ የአሜሪካ ፒካፖች ላይ ግን ካቦ ነው። በሰንሰለቱ ጫፍ አንድ ጠፍጣፋ ብረት አለ። ይህ ብረት ዘንበል ብሎ በቸርኬው መካከለኛ ቀዳዳ ያልፍና ከታች ሲጋደም፥ በደጃፍ ላይ እንደ ተጋደመ መወርወሪያ ሆኖ ቸርኬውን ይሸከማል። ሾፌሩ ተቀጣጣይ የሆኑትን ዘንጎች አጋጥሞ፥ ከኋላው ፓራውልት አጠገብ ባለው ቀዳዳ አስገብቶ፥ ጫፋቸውን ከብረቱ ቤት ጋር ያገናኛል። ወደ ግራ ሲያዞር ጎማው ይወርዳል፤ ወደ ቀኝ ሲያዞር ይወጣል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ጥርሶቹ የተቀረጹት ዘንጉ ሰንሰለቱን እንዲያዞር፥ ሰንሰለቱ ግን ዘንጉን እንዳያዞር ተደርጎ ነው። ይህ ባይሆን ኖሮ ጎማው በገዛ ክብደቱ እየተረተረ በመንገድ ላይ በወረደ ነበር። ከዚህ የተነሣ፥ የመዘውሪያው ጥርስ በዛገ ጊዜ ዐሥር ጎልማሳ ከታች ሆኖ ጎማውን ቢጎትት ሰንሰለቱ አይተረተርም። ይህን ባለማወቅ ብዙ ጉልበት በከንቱ ሲፈስ እናያለን። ጥርሱ የያዘውን በመጎተት ለማስለቀቅ መሞከር፥ የተቆለፈውን በር ቁልፉን ትቶ በትከሻ እንደ መግፋት ያለ ነው።

የመጣበቁ ምክንያት ሁለት ነው፤ ዝገትና ጭቃ። የጭቃውን ነገር ለባላገር ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ሲርስ ያብጣል፥ ይለነቀጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ጡብ ይጠነክራል። በክረምት በጎማውና በወለሉ መካከል የገባ መረሬ በበጋ ጎማውን እንደ ሸክላ ሠሪ ጭቃ መርጎ ይይዘዋል።

ዝገት ግን ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል። ዝገት ማለት ብረት ከውሃና በአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ሌላ ነገር መሆኑ ነው። አዲሱ ነገር፥ ማለት ቡናማው ዱቄት፥ ከተበላው ብረት ይልቅ ከሁለት እጥፍ የበለጠ ስፍራ ይፈልጋል። እንግዲህ ሁለት ብረቶች ተጣብቀው በሚኖሩበት ጠባብ ስፍራ ዝገት ሲወለድ፥ የሚሰፋበት ስለማያገኝ ሁለቱን አጥብቆ ይይዛል። ሽማግሌዎች ይህን በሌላ ምሳሌ ያውቁታል። የጠፍር መጫኛ በዝናብ ርሶ በፀሐይ ሲደርቅ ይኰማተርና ቋጠሮው በጥርስ እንኳ የማይፈታ ይሆናል። ያኛው በመኰማተር፥ ይህኛው በማበጥ ነው እንጂ የመያዛቸው ነገር አንድ ነው።

ጨው ሲጨመርበት ዝገት ይፈጥናል። ጨው የሟሟበት ውሃ የኤሌክትሪክን ኃይል በቀላሉ ያስተላልፋል፤ የብረት መዛግም በእውነቱ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ሥራ ነው። ስለዚህ በአፋር ምድር በአሳሌ የጨው ሜዳ ላይ የተመላለሰ መኪና፥ ሥሩ በንጹሕ ውሃ ካልታጠበ፥ ደጋ ከሚውለው መኪና ይልቅ ቶሎ ይበላል። በባሕር ማዶም ይህ ችግር የታወቀ ነው። በሰሜን አሜሪካ በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓመት የቶዮታ ኩባንያ ሲዬና የሚባሉትን፥ ከ1998 እስከ 2010 ዓመት ሞዴል የሆኑትን መኪኖች፥ የስኮርታቸው ካቦ በዚህ ጨው ዝጎ ሊበጠስ ስለሚችል ለምርመራ ጠርቷል። የተጠሩት ብርድ በሚበዛባቸው በ20 ግዛቶችና በዋሽንግተን ዲ.ሲ. ያሉት ሲሆኑ ቁጥራቸውም ወደ 600,000 ይጠጋ ነበር። ፍርሃታቸው ጎማው አልወርድ ይላል ብለው ሳይሆን፥ መኪናው ሲሮጥ ወድቆ ከኋላ የሚመጣውን ይገድላል ብለው ነው። እንግዲህ ስኮርታን የሚያጣብቀውና ስኮርታን በመንገድ የሚጥለው ያው አንዱ ዝገት መሆኑን እናስተውል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ በፊት መኪናው ደልዳላ ስፍራ ይቁም፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ማርሹ ይግባ፤ ካልተበሳው ጎማ ፊትና ኋላ ታኮ ወይም ደህና ደንጊያ ይደረግ። መንገደኛ እንዲያውቅ ከፊትም ከኋላም ራቅ ብሎ ምልክት ይቀመጥ። በአገራችን ሾፌሮች ቅጠልና ደንጊያ መደርደር ልማድ ነው፤ ቅጠሉ መልካም ነው፤ ደንጊያው ግን ሥራው ሲያልቅ ተነሥቶ ከመንገድ ይውጣ። አንዱን ሰው ለመጠበቅ የተቀመጠ ደንጊያ በዚያው ተረስቶ በሌሊት የሚመጣውን ሌላ ሰው ሲገለብጥ ማየት ያሳፍራል።

ሁለተኛው ትእዛዝ ከዚህ ይበልጣል። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ሰው አይግባ። ክሪክ የተሠራው ለማንሣት ነው እንጂ ተሸክሞ ለመቆየት አይደለም፤ በለስላሳ አፈር ላይ ይሰምጣል፥ ይዘማል፥ ይንሸራተታል። ስለዚህ መኪናው ሳይነሣ ስኮርታውን ማውረድ ይቅደም። የግድ መነሣት ካለበት ከሻንሲው ሥር ወፍራም ግንድ ተደራርቦ መኪናው በዚያ ላይ ይረፍ። ደንጊያ ድንገት ይሰነጠቃልና ለዚህ አይታመንም። የሚሠራውም ሰው በጎን ይተኛ፤ ራሱንና ደረቱን ከስኮርታው በታች አያድርግ። መኪናው እንደ ቆመ የጢስ መውጫው ቧንቧ እሳት ያህል ስለሚጋል እስኪበርድ ይጠበቅ።

ይህ ከተደረገ በኋላ ዕውር ድንብር ከመጀመር ነገሩን መመርመር ይገባል። ዘንጉን አስገብቶ ወደ ግራ ቀስ ብሎ ማዞርና ሌላው ሰው በመብራት ከጎን ሆኖ ሰንሰለቱን እንዲያይ ማድረግ ነው። የሚታየው ነገር ከሦስቱ አንዱ ነው። ወይ ዘንጉ ዞሮ ሰንሰለቱ ይላላል፥ ጎማው ግን ተጣብቆ ይቀራል፤ ወይ ዘንጉ ጨርሶ አይዞርም፤ ወይ ዘንጉ በቀላሉ ይዞራል፥ ሰንሰለቱ ግን አይተረተርም። ለሦስቱም መድኃኒታቸው ልዩ ልዩ ነው፤ የአንዱን ለሌላው ማድረግ መሣሪያ መስበር ነው።

ሰንሰለቱ ላልቶ ጎማው የቀረ እንደ ሆነ ጥርሱ ደህና ነው፤ የያዘው ጭቃ ወይም በቸርኬውና በመደገፊያው ብረት መካከል ያለው ዝገት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ዘንጉን እስከ መጨረሻው ያዞሩታል። ይህ ሁለት ጉዳት አለው። የላላው ሰንሰለት በብረቱ ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ ይቈላለፋል፤ ጎማውም ድንገት ሲላቀቅ የሚይዘው ስለሌለ ባንድ ጊዜ ይወድቃል። አንድ ስንዝር ያህል ሲላላ ማቆም ይበቃል፤ ያን ጊዜ ጎማው ቢለቅ እንኳ ሰንሰለቱ ስንዝር ወርዶ ይይዘዋል። ከዚህ በኋላ ጭቃውን በእንጨትና በውሃ መፈልፈል፥ ከዚያም ረጅም አጣና ወስዶ ከመኪናው ውጭ ቆሞ የጎማውን ጠርዝ አንድ ጊዜ ከግራ፥ አንድ ጊዜ ከቀኝ፥ አንድ ጊዜ ከኋላ መግፋትና መምታት ነው። የሚመታው ላስቲኩ ነው፤ ቸርኬው አይመታ፤ የተጣመመ ቸርኬ ቢወርድም አያገለግልም። ዝገት ቀጥ ብሎ ሲጎተት ይጸናል፥ ሲጠማዘዝ ግን ይሰበራል፤ ስለዚህ ጎማውን እንደ ወፍጮ መጅ ወዲያና ወዲህ ለማሽከርከር መሞከር ወደ ታች ከመጎተት ይሻላል።

በዚህ እንቢ ካለ ክሪኩ ይረዳል። በክሪኩ ላይ ወፍራም ሳንቃ አድርጎ ከስኮርታው ሥር አስገብቶ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ወደ ላይ መግፋት፥ ከዚያም መልሶ ማውረድ ነው። ሊወርድ የተፈለገውን ወደ ላይ መግፋት ሞኝነት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የዝገቱ ቅርፊት የሚሰበረው በመነቃነቅ ነው፤ ወደ የትም ቢሆን። ደግሞ አንዳንድ የአሜሪካ ፒካፖች ካቦው ቢበጠስ ጎማው እንዳይወድቅ የሚይዝ ሁለተኛ መቀርቀሪያ አላቸው፤ እርሱም የሚለቀው ክብደቱ ከላዩ ሲነሣለት ብቻ ነው። ሲገፋ ግን መኪናው ራሱ በስኮርታው ላይ እስኪነሣ ድረስ መድረስ የለበትም።

ሰንሰለቱን አላልቶ መኪናውን በኮረኮንች ላይ እየነዱ ጎማውን ማራገፍ የሚወድ ሾፌር አለ። አንዳንድ ጊዜ ይሆንለታል። እኔ ግን አላመሰግነውም፤ የተንጠለጠለ ጎማ ወዴት እንደሚወዛወዝ አይታወቅም፥ ከኋላም ሕፃናት እየሮጡ መከተላቸው በገጠር የማይቀር ነው።

ዘንጉ ጨርሶ የማይዞር እንደ ሆነ በመጀመሪያ ዘንጉ ከስፍራው መድረሱ ይረጋገጥ። ዘንጉ የሚያልፍበት ቀዳዳ በደረቀ ጭቃ ተደፍኖ ጫፉ ሳይገጥም ሲታገሉ መዋል የተለመደ ነው። ቀዳዳው በሽቦ ተጐርጕሮ በውሃ ይታጠብ። በአንዳንድ መኪና ላይ ቀዳዳው የቁልፍ መክደኛ አለው፤ ቁልፉም ብዙውን ጊዜ የሞተሩ ቁልፍ ራሱ ነው። ዘንጉ በትክክል ገጥሞ ካልዞረ መጀመሪያ ወደ ቀኝ፥ ማለት ወደ ማጥበቂያው፥ ጥቂት መግፋት፥ ከዚያ ወደ ግራ መመለስ ነው። ከታችም ክሪክ ደግፎ የጎማውን ክብደት ከሰንሰለቱ ላይ ማንሣት ጥርሱን ያሳርፈዋል። የእጅ መንፊያ ያለው ሾፌር ከስኮርታው ጥቂት አየር ቢያስተነፍስ ወለሉን ተጭኖ የያዘው ላስቲክ ይለሰልስና ሰንሰለቱ ይላላል፤ መንፊያ የሌለው ግን ይህን አያድርግ።

ከዚያ በኋላ ዘይት ነው። ለዚህ ሥራ ቀጭን ዘይት ይፈለጋል፤ ወፍራም ግራሶ ወደ ጠባብ ስፍራ አይገባም። በጋራዥ ደብልዩ ዲ 40 የሚባለው ይገኛል፤ ይህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ዓመት በአሜሪካ በሳን ዲየጎ ከተማ ተሠርቶ መጀመሪያ የሮኬትን አካል ከዝገት ለመጠበቅ የዋለ ነው። ቁጥሩ አርባኛው ሙከራ ማለት ነው ይባላል። እርሱ ከሌለ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ ያገለግላል። ቤንዚን ግን በምንም ምክንያት አይደረግ፤ ጢሱ ከሩቅ እሳት ይስባል። ዘይቱ በብረቱ ቤት ዙሪያና ዘንጉ በሚገባበት ላይ ከተደረገ በኋላ ሩብ ወይም ግማሽ ሰዓት መታገሥ ያስፈልጋል። ይህ ትዕግሥት ከጉልበት ይበልጣል። በጥበቃው ጊዜ ብረቱን በመዶሻ ቀስ ቀስ አድርጎ መቀጥቀጥ ዘይቱን ወደ ውስጥ ያገባዋል። ከዚያ ዘንጉን ሩብ ዙር ወደ ግራ፥ ሩብ ዙር ወደ ቀኝ እያመላለሱ ማለማመድ ነው። ባንድ ጊዜ በኃይል ከማዞር ይህ ይሻላል።

ስለ ኃይል ነገር ጥቂት ሒሳብ እንጨምር። በ30 ሴንቲሜትር እጀታ ላይ በ20 ኪሎ ኃይል የሚገፋ ሰው 600 የኪሎ ሴንቲሜትር ጥምዘዛ ይሰጣል። እጀታውን በቧንቧ አስረዝሞ 90 ሴንቲሜትር ቢያደርገው ያው ጉልበት 1,800 ይሆናል። ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ዘንጉ ግን የተሠራው ለሦስት እጥፍ አይደለም። እጀታው እየዞረ፥ ሲለቁትም እንደ ገመድ ተፈትሎ የሚመለስ ከሆነ፥ እየተጠማዘዘ ያለው ዘንጉ ነው እንጂ ጥርሱ አይደለም። በዚያን ጊዜ መግፋት ይቁም፤ የተሰበረ ዘንግ በቀዳዳው ውስጥ ከቀረ ችግሩ ሁለት ይሆናል።

ሦስተኛው ነገር፥ ዘንጉ በከንቱ ሲዞር ነው። ይህ ማለት ጥርሱ ተበልቷል ወይም የዘንጉ ማገጣጠሚያ ተበላሽቷል። እንዲህ የሆነ መስቀያ በመንገድ ላይ አይጠገንም፤ ከስፍራው መውጣት አለበት። የብረቱን ቤት ከአግዳሚው ጋር ያሰሩት ቡሎኖች በመፍቻ የሚደረስባቸው ከሆኑ እነርሱን ፈትቶ ጎማውን ከነመስቀያው ማውረድ ይቻላል። ካልተደረሰባቸው ሰንሰለቱን ወይም ካቦውን በሰጌቶ መቁረጥ ነው። ከመቁረጥ በፊት ግን ጎማው ከሥሩ በክሪክና በግንድ ሙሉ በሙሉ ይደገፍ፤ ቈራጩም ክንዱን ብቻ ያስገባ። ሰንሰለቱ ሲቆረጥ ክብደቱ በድጋፉ ላይ ያርፋል፤ ከዚያም ክሪኩ ቀስ እየተባለ ይወርዳል።

በእሳት መቁረጥ ወይም ማጋል ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የናፍጣው ጋን ሩቅ አይደለም። ደግሞም ጎማ የታሰረበት ቸርኬ በእሳት ሲጋል የውስጡ ላስቲክ ጋዝ እየወለደ ይጨናነቅና እንደ ቦምብ ሊፈነዳ ይችላል። ቡሎን በእሳት ሲላቀቅ ያየ ብየዳ አዋቂ ይህን ምክር ይንቀው ይሆናል፤ እርሱ ግን ያየው በጠረጴዛ ላይ ባለ ብረት እንጂ በነዳጅና በታፈነ አየር መካከል ባለ ብረት አይደለም።

መስቀያው ከተቆረጠ በኋላ የተበሳው ጎማ በጭነቱ ወለል ላይ ይጫናል። ሰው አብሮ የሚሳፈር ከሆነ በጠንካራ ገመድ ይታሰር፤ 30 ኪሎ የሚመዝን ጎማ በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ ከሰው ጋር መላተሙ አይቀርምና።

ስለ ትምህርት ቤቱ ደግሞ መምህራን ይህን ነገር በክፍል ሊያሳዩት ይችላሉ። አራት ብርጭቆና አራት ንጹሕ ምስማር ይፈለጋል። አንዱ ምስማር በደረቅ ብርጭቆ ይቀመጥ። ሁለተኛው ፈልቶ አየሩ በወጣለት ውሃ ውስጥ ይግባና በላዩ ዘይት ይፍሰስበት። ሦስተኛው በተራ ውሃ፥ አራተኛው ጨው በሟሟበት ውሃ ይሁን። በሳምንቱ ተማሪዎቹ ሲመለከቱ ያለ ውሃ ወይም ያለ አየር ብረት እንዴት እንደሚድን፥ ጨውም ዝገትን እንዴት እንደሚያባብስ በዓይናቸው ያያሉ። ዘይት በጠባብ ስፍራ ወደ ላይ እንኳ እንዴት እንደሚወጣ ለማስረዳት የኩራዝ ክር ይበቃል። ነጭ ጋዝ በክሩ ቃጫዎች መካከል ባለው ጠባብ መንገድ ያለ ማንም ግፊት ይወጣል፤ በዛገ ቡሎን ጥርሶች መካከል የሚገባውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለሒሳብ ክፍለ ጊዜም ከጎማው ጎን ላይ ጥያቄ ይገኛል። በላስቲኩ ላይ ከተቀረጹት ምልክቶች መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ፤ ሁለቱ ሳምንቱን፥ ሁለቱ ዓመቱን ይነግራሉ። 2319 የሚል ቢሆን ጎማው የተሠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ነው፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ላይ ይውላል። ተማሪው ይህን ካወቀ በኋላ የጎማውን ዕድሜ ያስላ። ያልተነዳ ስኮርታ አዲስ ነው የሚል ብዙ ሰው አለ፤ ላስቲክ ግን ሳይነዳም ያረጃል፥ ይሰነጣጠቃል።

መኪና በአደራ የያዘ ሁሉ ስኮርታውን በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ፥ ይልቁንም ክረምት ሲወጣ፥ ያውርደው። ሲያወርደው የትኛው ፊቱ ወደ ላይ እንደ ነበረ ልብ ይበል። ጎማውና መደገፊያው በውሃ ይታጠቡ፤ ዝገቱ በብረት ብሩሽ ይፋቅ፤ ሰንሰለቱ ዘይት ይቀባ፤ ቸርኬው በሚያርፍበት ላይ ግራሶ በስሱ ይለቅለቅ። ካቦ ከሆነ ከሽቦዎቹ አንድም የተበጠሰ ቢገኝ ይለወጥ። አየሩም ይለካ፤ ከተለመደው ጥቂት ጨምሮ መንፋት ይሻላል፥ በመንገድ ላይ ማስተንፈስ ከመንፋት ይቀላልና። ዘንጎቹ ከመኪናው ውስጥ መኖራቸው በዚያው ይታይ።

ሲሰቀል ጠፍጣፋው ብረት በቸርኬው ቀዳዳ መካከል መጋደሙን በእጅ ዳስሶ ማወቅ ነው። አንድ ወገን ያዘነበለ ብረት ጎማውን አንጋዶ ይሰቅልና መንገዱ ሲያናውጠው ይለቀዋል። ከዚያ ዘንጉ ወደ ቀኝ እስኪጠና ድረስ ይዙር፤ ጎማውም በሁለት እጅ ተይዞ ይነቅነቅ። ከተነቃነቀ ገና ነው፤ ጥቂት ይጠብቅ። መኪናው ዐሥር ወይም ሃያ ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ሾፌሩ ወርዶ አንድ ጊዜ ደግሞ ይነቅንቀው።